ከቡልጋሪያዋ ጋር ማን ይሂድ?

ድርቁ በጠናበት ዓመት፣ ከአየር ጤና ወረድ ብሎ ባለው ሰፈራችን ሁለት ፈረንጆች ጎረቤቶቼ ነበሩ። አንዷ የቡልጋሪያ ሐኪም፣ ሌላዋ የፊንላንድ ነርስ። የሚሠሩት አንድ ሆስፒታል ነው፤ ቤቱንም የሰጣቸው ሆስፒታሉ ነው። እኛ እህትማማቾች ናቸው ብለን ቁጭ አልን። ምን እናውቃለን! ለካ ቡልጋሪያና ፊንላንድ የትና የት ናቸው። አንዷ ከሶሻሊስት አገር፣ አንዷ ካልሆነው፤ ጊዜው ደግሞ ሰው ጥላውን የማያምንበት ነበር።

መጀመሪያ አንድ ሳሎን ተቀምጠው ግድግዳ ግድግዳውን ያያሉ። የሚግባቡበት ቋንቋ እንኳ አልነበራቸውም፤ የቡልጋሪያዋ እንግሊዝኛ ከእኔ አይሻልም። የቡልጋሪያዋ እሺ ስትል ራሷን ግራና ቀኝ ታወዛውዛለች፤ ያቺ እንቢ ያለቻት እየመሰላት ስንት ጊዜ አኮረፈች! ኋላ ያስታረቃቸው ከእኛ ከሰፈርተኛው የለቀሙት አማርኛ ነው። የፊንላንዷ መስኮት ትከፍታለች፣ የቡልጋሪያዋ «ንፋስ ይመታኛል!» ብላ ትዘጋለች። «የእኔ አገር በረዶ ነው፣ ሰው አይሞትም» ትላታለች። እኔም በአጥሩ በኩል «ዝጊላት እንጂ፣ ምን ዓይነቷ ደረቅ ነሽ!» እላለሁ። እንዲህ እየተነታረኩ ተዋደዱ። አንዷ እርጎ ታረጋለች፣ አንዷ ሹራብ ትሠራለች፤ የአንዷን አንዷ በልታ ለብሳ ይወጣሉ። እድር ሲገቡም እንደ አንድ ቤት ሆነው ገቡ።

ከዚያ የቡልጋሪያዋ ለድርቁ ወሎ ዘመተች። ስትመለስ ተስቦ ይዟት ነበር። ሳምንት ሳትቆይ በጓደኛዋ እጅ ላይ አረፈች።

እድሩ ድንኳን ጣለ። ሐዘንተኛዋ የፊንላንዷ ናት፤ ሌላ ማን አለ? ጥቁር ሻርፕ አልብሰን ፍራሹ ላይ አስቀመጥናት። እንባ ጠብ አላላትም። አንዷ ሴትዮ በጆሮዬ «አንጀትም የላት» ብትለኝ፣ «አንቺ ደግሞ የሰው እንባ ትሰፍሪያለሽ?» አልኳት። እውነቱን ለመናገር እኔንም ከፍቶኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሬሳው በአውሮፕላን ወደ አገሯ ሊላክ መሆኑን ሰማን። የፊንላንዷ እስከ አገሯ ልሸኛት ብላ የቡልጋሪያን ኤምባሲ ብትለምን፣ ከዘመድ በቀር አይፈቀድም ተባለች። ተመልሳ ፍራሹ ላይ ተቀመጠችና «ብቻዋን ትሄዳለች» አለች።

ደሜ ፈላ። «ሬሳ ብቻውን ይሄዳል እንዴ? ዕቃ ናት?» ብዬ ድንኳኑን በጩኸት ሞላሁት። የእድሩ ዳኛ ጋቢያቸውን አጣፍተው ብድግ አሉ፤ ሁለት ሽማግሌዎች ተከተሏቸው። እኔም ተከተልኩ፤ ማን ያስቀረኛል!

ኤምባሲው ስንደርስ ፈቃጁ የቡልጋሪያ ሰው ነው፤ ገና ወጣት። በአስተርጓሚ «ዘመዷ ናት ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ዳኛችን ውሸት ከአፋቸው የማይወጣ ሰው ናቸውና ልቤ ተሰቀለ።

«ልጄ» አሉት፣ «ቤታቸው አንድ ነው። ዓይኗን የከደነችላት እሷ ናት። እኛም ሦስት ቀን ሐዘን ያስቀመጥነው እሷን ነው። ዘመድ ማለት ሌላ ምንድን ነው? የሟች እናት ሣጥን ብቻ ትቀበል? እንቢ ካልክ ከዚህ አንነሳም።» ብለው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ሽማግሌዎቹም ተቀመጡ፤ እኔም ተቀመጥኩ። ወጣቱ ፊቱ ቀላ፤ ጎንበስ ብሎ ዳኛውን በሁለት እጁ ይዞ አነሳቸውና «ትሂድ» አለ።

ሄደች። አርባው አለፈ፣ ክረምቱም አለፈ፤ አልመጣችም። የራሷ እናት ወደ ፊንላንድ ልትወስዳት ቡልጋሪያ ድረስ ሄዳለች መባሉን ከሆስፒታሉ ሰማሁ። በቃ፣ እሷም ቀረችብን አልኩ፤ አዘንኩ።

አንድ ቀን ከውይይት ታክሲ ስትወርድ አየኋት። ከስታለች። ሮጬ አቀፍኳትና «የሟች እናት እንዴት ሆኑ?» አልኳት።

«ሌላ ልጅ የላቸውም» አለች። «ቤቱ ባዶ ነው። የእኔ እናት እኔን ልትወስድ መጣች። እሳቸውን አየች። ከዚያ ሻንጣዋን አስቀመጠች። ‹አንቺ ወደ ሥራሽ ሂጂ፣ እኔ እዚህ እሆናለሁ› አለችኝ። ሁለቱ አይግባቡም። አብረው ድንች ይልጣሉ፣ አብረው መቃብር ይሄዳሉ።»

እዚያው ፌርማታው ላይ፣ ሰው እያየኝ፣ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። እሷም አለቀሰች።

«እናትሽ ታዲያ መቼ ነው አገራቸው የሚገቡት?» አልኳት እንባዬን እየጠረግሁ።

«እኔ እንጃ» አለች። «የብርድ ልብሷን ከአገሯ አስመጥታለች።»