አጥር ላይ የተሰቀሉ ዲስኮች

ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ከአንድ ትልቅ ጋራዥ ፊት ለፊት፣ በቆርቆሮ አጥር ግቢ የሚሠራ መካኒክ አለ። ስሙን አልነገረኝም። ቱታውን እስከ አንገቱ ይቆልፋል፤ ቀኝ እጁ ሁለት ጣት ጎድሎታል።

መኪናዬ በሁለተኛ ማርሽ ነዳጅ ስሰጣት እንደ ደነበረች በቅሎ ትዘላለች። ትልቁ ጋራዥ «ፍሪሲዮኑ ነው» ብሎ ዲስኩን ቀየረልኝ፤ መዝለሏን ግን አልተወችም። ይሄኛው መጀመሪያ ራሱ ነዳት። ነዳጁን ነካ፣ ለቀቅ እያደረገ አዳመጣት። ከዚያ ኮፈኑን ከፍቶ የነዳጁን ገመድ በጣቱ ሳብ አደረገው።

«ጋሼ፣ ገመዱ ላልቷል። ሲረግጡት ዝም ይልና ባንዴ ይስባል።»

በመፍቻ አጠበቀው፤ አለቀ።

«አሮጌውን ዲስክ ሰጥተውዎታል?»

ከኋላ አውጥቼ ሰጠሁት። ገና አልተበላም ነበር። ወስዶ በመንገዱ በኩል አጥሩ ላይ በሚስማር ሰቀለው። አጥሩ ያለ ጥፋታቸው በተነቀሉ ዲስኮች ተሞልቷል፤ ሁሉም ፊታቸው ወደ ትልቁ ጋራዥ በር ነው።

«ሙያውን እዚያ ነው የተማርኩት» አለኝ። «እጄ ሞተሩ ውስጥ እያለ የጋራዡ ባለቤት አስነሳው። ለሰው ግን ‹ራሱ ነው ያስነሳው› ብሎ ማለ። አሁን ሽማግሌ ይልክብኛል።»

«ታዲያ አትታረቀውም?»

መፍቻውን በጨርቅ ጠረገ።

«በሩን በጓሮ በኩል ሊያዞር ነው አሉ» አለና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። «በዚያ በኩልም ቦታ ተከራይቻለሁ። አጥሩ ከዚህኛው ይረዝማል።»