የእናቴ ፊት በእትዬ ሙሉ ደጅ

ልጅ እያለሁ እንቅልፍ የሚወስደኝ የእናቴን ጉንጭ እየዳሰስኩ ነበር። ኮላ ድባ ገበያ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ሽምብራና ነጭ ሽንኩርት ስትሸጥ ትውልና ማታ ልብሷ ሽንኩርት ሽንኩርት እየሸተተ ትገባለች። ጉንጯ ግን ሁልጊዜም ለስላሳ ነበር። ታናሽ ወንድሜን ከወለደች በኋላ በሁለቱም ጉንጮቿና በግንባሯ ላይ ጠቆር ያለ፣ ጥላ ያረፈበት የሚመስል ነገር ወጣባት። ማድያት ነበር።

ማድያቱ አያማትም፣ አያሳክካትም። የሚያማት የሰው አፍ ነበር። አንዷ ጉበቷን ነው ትላለች፣ ሌላዋ የሰው እርግማን ነው ትላለች። አጠገቧ የምትሸጠው ጎረቤታችን ደግሞ «ታንጉት፣ ምነው ፊትሽን አትታጠቢም?» እያለች ገበያተኛውን ታስቃለች። እናቴ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ ታደርጋለች።

ከመስቀል በኋላ ጎንደር አራዳ ላይ እትዬ ሙሉ የምትባል መዋቢያ ሻጭ ማድያት ታጠፋለች ሲባል ሰማችና ይዛኝ ሄደች። ሱቁ ሽቶና የፀጉር ቅባት ይሸታል። እትዬ ሙሉ ከባንኮኒው ሥር ካስቀመጠችው ባልዲ ነጭ ቅባት በማንኪያ እየዛቀች ምንም ያልተጻፈበት ትንሽ ዕቃ ሞላችላት። እናቴ ውስጡ ምን እንዳለ ስትጠይቃት «እሱ የኔ ሚስጥር ነው። ጠዋት ማታ ተቀቢ» አለቻት።

መጀመሪያ ላይ ፊቷ ፈካ። ያቺ ጎረቤታችን እንኳ ምን እንደተቀባች ልትጠይቃት መጣች። እናቴ ነጠላዋን ከፊቷ ላይ አነሳች፤ ስትሥቅ ሰማኋት። ከዚያ ግን ቆዳዋ እየሳሳ፣ እየቀላ፣ እሳት አጠገብ ስትቀመጥ እያቃጠላት መጣ። ጥቂት ቆይቶ ማድያቱ ከድሮው ብሶ፣ ጠቁሮ ተመለሰ። አንድ ምሽት እንደ ልማዴ ጉንጯን ልዳስስ ስል እጄን ያዘችኝ። «ተይኝ፣ ያመኛል» አለች። እትዬ ሙሉን መጥላት የጀመርኩት ያኔ ነው።

በግማሽ ዓመቱ የትምህርት ቤት ዕረፍት ጎንደር አጎቴ ቤት ሰነበትን። እናቴ መጀመሪያ የሄደችው ወደ ሱቁ ነበር። ምን እንደደረሰባት በለሰለሰ አንደበት ስትነግራት እትዬ ሙሉ ደንበኞቿ እየሰሙ «እኔ ቅባት እንጂ ፊት አልሸጥም። የገበያ አቧራሽን ተሸክመሽ መጥተሽ በኔ አታላክኪ» አለቻት። ሴቶቹ ሣቁ። እኔ ድንጋይ ለማንሳት ጎንበስ ስል እናቴ ክንዴን ይዛ ጎትታ አወጣችኝ።

በማግስቱ አጎቴ ቆዳ ሐኪም ዘንድ ወሰደን። ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች። የእናቴን ፊት ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ ብዙ አየችው። ማድያት የጉበትም የእርግማንም ጉዳይ እንዳልሆነ፣ በእርግዝና ጊዜ በሰውነት ውስጥ ከሚመጣ ለውጥና ከፀሐይ እንደሚነሳ፣ በዘር የሚከተልም እንዳለ አስረዳቻት። ቅባቱ ውስጥ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለወራት ፊት ላይ ሊቀባ የማይገባው ጠንካራ መድኃኒት ሳይደባለቅበት እንዳልቀረ ነገረቻት። እንዴት እንደምታቆመው አሳየቻት፤ ሌላ መድኃኒትና የፀሐይ መከላከያ አዘዘችላት። «ከፀሐይ ካልተጠለልሽ የትኛውም ቅባት አይሠራም። ወራት ይፈጃል፣ ተመልሶም ሊመጣ ይችላል፤ ተስፋ እንዳትቆርጪ» አለቻት።

እናቴ ሁሉንም ሰምታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። «የሸጠችልኝ ሴት ይህን ታውቃለች?»

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ማወቅ ነበረባት።»

በነጋታው እናቴ የክት ቀሚሷን ለበሰች። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ፊቷን እንዳለ ገልጣ ወደ አራዳ ወጣን። እናቴ በእትዬ ሙሉ ደጅ፣ የቆርቆሮው ጥላ ሥር ቆመች። ወዲያው ሁለት ልጃገረዶች መጡ። አንደኛዋ ሙሽራ መሆኗን እጇ ላይ ካለው እንሶስላ አወቅን።

«ልጄ፣ አትግዢ አልልሽም» አለቻት እናቴ። «እኔም እዚሁ ነው የገዛሁት። ፊቴን አይተሽ ግቢ።»

ልጅቷ አየቻት። የጓደኛዋን እጅ ያዘችና ተመለሰች። እናቴ ለሚመጣው ሁሉ ይህንኑ ትላለች፣ ድምጿን ከፍ አታደርግም። እትዬ ሙሉ ብትቆጣም ብታባብልም አልተነቃነቀችም። በመጨረሻ የሰፈሩን ዘበኛ አያ ደሴን ጠራችባት።

«ምነው እዚህ ቆምሽ?» አላት አያ ደሴ።

«ሐኪም ጥላ ፈልጊ ብላኛለች፣ አያ። የሷ ደጅ ሸጋ ጥላ አለው።»

አያ ደሴ ፊቷን አየ፣ ወደ ሱቁ ዞሮ «መቆም አልከለክላትም» ብሎ ሄደ። እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ከአጎቴ ቤት የያዝነውን ዳቦ እየገመጥኩ የእትዬ ሙሉን ፊት አያለሁ። ያ ፊት በየሰዓቱ ሲለዋወጥ፣ ሲቀላ፣ ላብ ሲያወጣ አየሁ። እንደዚያ ዳቦ የጣፈጠኝ ምግብ እስከ ዛሬ የለም።

ዕረፍቱ እስኪያልቅ በየቀኑ ሄድን። መጨረሻ ላይ እትዬ ሙሉ ባልዲውን ራሷ አውጥታ እናቴ እያየች ፍሳሽ ውስጥ ገለበጠችው። «ይቅር በይኝ» ስትል ድምጿ አይሰማም ነበር። እናቴ ጎንበስ ብላ ሳመቻት። እኔ አልሳምኳትም።

እናቴ ገበያ ላይ ሰፊ ባርኔጣ ማድረግ ጀመረች፤ ሳቁባት፣ ግድ አልሰጣትም። ፊቷ በዝግታ ዳነ። ዛሬ ቀረብ ብሎ ለሚያያት ብቻ ትንሽ ጠቆር ይላል።

እኔ አሁን ጎንደር ውስጥ አስተማሪ ነኝ። ፊታቸው የተላጠ፣ የቀላ፣ በማስክ የሸፈኑ ተማሪዎች ያጋጥሙኛል። ወደ ሐኪም እልካቸውና ማን እንደሸጠላቸው እጠይቃለሁ። ስልካቸውን ያሳዩኛል፤ የአንዲት ቆንጆ ልጅ ፎቶ፣ የማይነሳ ቁጥር፣ ሰንብቶ የሚጠፋ ገጽ። ፎቶውም የሻጩ አይደለም። የልጅነቴ ቂም እንዳለ አለ፣ አልበረደም። ያኔ ግን የበደለን ሰው ስም ነበረው፤ ሲያፍር እናየው ነበር። ዛሬ እነዚህ ልጆች ፊታቸው ተቃጥሎ እንኳ የሚጠሉት ሰው አያውቁም። በእነሱ ፋንታ የምጠላላቸው እኔ ነኝ፤ ማንን እንደምጠላ ግን አላውቅም።