ግራ ኪሱ የተጣፈ ኮት

ጓደኛችን ፈታሽ ናት። ሥራዋ አንድ ትልቅ የመሥሪያ ቤት ሕንፃ በር ላይ ቆማ የሚገቡትን ሴቶች መዳበስ ነው፤ ትከሻ፣ ብብት፣ ወገብ፣ ኪስ፣ ከዚያ ቦርሳ። እኛ «እጅ ወደላይ» እንላታለን፤ እሷም የክርስትና ስሟ ይመስል አቤት ትላለች። ወሬ ትወዳለች ማለት እሷን ማማት ይሆናል። የምትወደው ማወቅ ነው። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠች ሴት ሁለት የግራ እግር ጫማ በፌስታል ይዛ ብታይ፣ ነገሩን ሳትጠይቅ ከምትወርድ ፌርማታዋ ቢያልፋት ትመርጣለች። አልፏትም ያውቃል።

እኔ ጎረቤቷ ነኝ፣ ፀጉር ሠሪ። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ማንንም የመውቀስ መብት የለኝም።

ልብስ የመለዋወጡ ሐሳብ የመጣው ከቁምሳጥኗ ነው። በሩ አልዘጋ ብሏት በጉልበቷ ስትገፋው ማጠፊያው ተነቅሎ እጇ ላይ ቀረ። «ለማልለብሰው ልብስ ብዬማ በር አላሠራም» አለችና ጠራችን። የጠበባችሁን፣ የሰፋችሁን፣ ገዝታችሁ የተጸጸታችሁበትን ሁሉ ይዛችሁ ኑ፤ የወደዳችሁትን ይዛችሁ ሂዱ። ሕጉ አንድ ብቻ ነበር፤ ማን ምን እንዳመጣ አይነገርም። እያንዳንዳችን ተራ በተራ መኝታ ቤት ገብተን፣ ያመጣነውን አልጋው ላይ ዘርግፈን እንወጣለን። «አለበለዚያ እየተፋፈርን ማንም ምንም አያነሣም» አለች። እውነቷን ነው፤ የልብሱ ባለቤት ዓይን ዓይንሽን እያየች «ይሄስ ይቅርብኝ» ማለት ይከብዳል።

እሑድ ከሰዓት ተሰበሰብን። እሷና እኔ፣ አንዲት መምህርት ጓደኛችን፣ እንዲሁም መምህርቷ ይዛት የመጣች የፋርማሲ ሠራተኛ። ይህችኛዋን ከዚያ በፊት አይተናት አናውቅም። ቁጥብ ናት፤ ሻይ ስትጠጣ እንኳ ብርጭቆው ድምፅ አያሰማም።

ሁላችንም ዘርግፈን ከጨረስን በኋላ መኝታ ቤቱ ተከፈተ። አልጋው ላይ የተከመረውን ሳይ ዓይኔ ይቅበዘበዝ ጀመር። ይህን ብርቱካናማ ቀሚስ የገዛችው ማን ናት? ሁላችንም እኮ ጥቁርና ቡኒ ለባሾች ነን! ይህን ሸሚዝስ መርጦ ያመጣው የማን ባል ነው? ለእንዲህ ያለ ጥፋት የባል እንጂ የሴት እጅ አይታዘዝም።

እጅ ወደላይ ግን ልብሱን ከማየቷ በፊት ዳበሰችው። ልማድ ሆኖባት ነው እንጂ አስባበት አይደለም። አንዱን ባነሣች ቁጥር አንገቱን፣ ብብቱን፣ ኪሱን። ከአንዱ የፀጉር ማስያዣ ወጣ፤ ከአንዱ የደረቀ ማስቲካ። ከአንድ ሹራብ ኪስ ደግሞ ሁለት የሲኒማ ትኬት።

«ሁለት ነው!» አለች ዓይኗ በርቶ። «ከማን ጋር ይሆን?»

«የእኔ አይደለም» አለች መምህርቷ፣ ማንም ሳይጠይቃት።

በሳቅ ፈረስን። መምህርቷ ሳቃችንን ለማስቀየር ብላ ከክምሩ ሥር አንድ ግራጫ ኮት መዝዛ ለበሰችና መስታወቱ ፊት ቆመች። ልክክ አለላት። ወዲያው እንደማታወልቀው ከአቋቋሟ ገባኝ።

«ቁሚማ፣ አንቺንም ልፈትሽሽ» አለቻት እጅ ወደላይ። ትከሻዋን ያዘች፣ ወደ ታች ወረደች፣ ግራ ኪሱ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ሳቋም አብሮ ቆመ። ያንኑ ቦታ መልሳ መላልሳ ነካችው።

«ይህን ማን ነው ያመጣው?»



«ሕጉን ያወጣሽው አንቺ ነሽ» አለች መምህርቷ፣ ኮቱን ወደ ደረቷ እየሰበሰበች።

«ሕጉን ተዪው! ከየት ነው የመጣው?»

ድምፅዋ የሥራ ቦታ ድምፅዋ ሆነ። በእንዲህ ያለ ድምፅ ፈታሽ ስትጠይቅ፣ ምንም ያላደረገም ሰው የሆነ ነገር ያደረገ ይመስለዋል። የፋርማሲዋ ሠራተኛ ፊቷ ቀልቶ ከወንበሯ ተነሣች።

«እኔ ነኝ። ምነው፣ የጠፋብሽ ዕቃ አለ እንዴ?» ቦርሳዋን አነሣች። «እኔ የሰው ዕቃ ይዤ የምዞር ሰው አይደለሁም።»

«ወይኔ ጉዴ! አይደለም እናቴ፣ በሞቴ ተቀመጪ!» እጅ ወደላይ ራሷ አልጋው ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። «ኮቱን አውቀዋለሁ። ግራ ኪሱ በወፍራም ክር ተጥፏል፤ ጠዋት ጠዋት እጄ ያን ቋጠሮ ይነካዋል። አንዲት ሴትዮ ናቸው የሚለብሱት፤ ለዓመታት በእኔ በር ነው የገቡት። በሩ ላይ እኮ ሁለት ሰልፍ ነው ያለው። የባልደረባዬ ፈጣን ነው፤ እኔ ጋ ግን ሰልፉ ይንዛዛል። እሳቸው ግን ያኛው ባዶ ሆኖ እንኳ እኔ ጋ ነው የሚሰለፉት። ለምን ይሆን እያልኩ ስንቴ አስቤያለሁ መሰለሽ። ከዚያ አንድ ሰሞን ጠፉ። ላይ ፎቅ ያሉትን ብጠይቅ ‹አንቺ ምን ቤት ነሽ?› አሉኝ።» ወደ ፋርማሲዋ ሠራተኛ ዞረች። «ሞተው ከሆነ ንገሪኝ። ግን ቀስ ብለሽ ንገሪኝ።»

የፋርማሲዋ ሠራተኛ ቦርሳዋን መልሳ አስቀመጠች።

«ታላቅ እህቴ ናት።»

«ናቸው? ወይስ ነበሩ?»

«ናት! ምን ነካሽ? ጡረታ ነው የወጣችው።»

«ጡረታ?» አለች እጅ ወደላይ። «እኔ እኮ አልቅሼላቸዋለሁ!»

እንደገና ሳቅን፤ የፋርማሲዋም ሠራተኛ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሷ ታየ። ሳቁ ሲበርድ ግን እህቷ ከእሷ ጋር መኖር ከጀመረች ወዲህ ከቤት አልወጣ እንዳለቻት፣ ውሎዋ ከአልጋ ወደ መስኮት እንደሆነ፣ ኮቱንም «ወዴት ልሄድበት? ለሚለብሰው ስጪልኝ» ብላ እንዳስያዘቻት ነገረችን።

«ተነሡ» አለች እጅ ወደላይ።

መምህርቷ ኮቱን አወለቀች። በደስታ ነው ያወለቀችው ብል ውሸት ይሆንብኛል።

እዚያው በዚያው የፋርማሲዋ ሠራተኛ እየመራችን ወደ ሴትዮዋ ሄድን። እኔስ ምን ቤት ነኝ? ብቀር ኖሮ ግን ለሳምንት እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።

በሩን የከፈቱልን ራሳቸው ናቸው፤ ቀጠን ያሉ፣ ፀጉራቸው በሥርዓት የተያዘ ሴትዮ። እኔን አዩኝ፣ እጅ ወደላይን አዩዋት፣ ለማያውቁት እንግዳ በሚባለው ትሕትና «ግቡ» አሉን። አላወቋትም። ያለ ደንብ ልብሷና ያለ ኮፍያዋ በየት በኩል ይወቋት? እጅ ወደላይ ቅስሟ ስብር ሲል አየሁ፤ አንጀቴን በላችው። በመንገድ ላይ ስትደረድረው የመጣችው ጥያቄ ሁሉ ከአፏ ጠፋ። ኮቱን ዘርግታ ከኋላቸው አለበሰቻቸውና ትከሻው እንዲስተካከል በሁለት እጇ ያዝ አደረገቻቸው።

ሴትዮዋ ደርቀው ቀሩ።

«አንቺ ነሽ?» አሉ፣ ሳይዞሩ።

ከዚያማ ወሬ ተከፈተ። በመጨረሻ የሥራ ቀናቸው እጅ ወደላይ ፈቃድ ላይ ነበረች። ሴትዮዋ የረሱት ዕቃ ያለ እያስመሰሉ ሁለት ሦስት ጊዜ በበሩ ወጥተው ገብተዋል፤ ሁሌም የምትፈትሻቸው ያችኛዋ ባልደረባዋ ሆነችባቸው። እጅ ወደላይ ይህን ስትሰማ ልቧ ደፍሮ ያን የዓመታት ጥያቄዋን አወጣችው።

«እትዬ፣ ያኛው ሰልፍ ባዶ ሆኖ እያዩት ለምን እኔ ጋ ይቆሙ ነበር?»

ሴትዮዋ የኮቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፉ።

«ያቺ ልጅ በጣቷ ጫፍ ነው የምትነካው። አንቺ ግን ትከሻዬን ያዝ ታደርጊኝ ነበር። ያኔ ብቻዬን ነበር የምኖረው። ከጠዋት እስከ ማታ የሚነካኝ የሰው እጅ ያንቺ ብቻ ነበር።»



«እኔ እኮ ሥራዬን ነበር የምሠራው» አለች እጅ ወደላይ፣ እያፈረች።

«አውቃለሁ» አሉ ሴትዮዋ። «ለዚህ ነው ያልነገርኩሽ።»

ከዚያ ሁለቱ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ወደ ውጭ ወጡ። ልከተላቸው ስነሣ እጅ ወደላይ ዞር ብላ አንዴ አየት አደረገችኝና ቁጭ አልኩ። ወዴት እንደሄዱ፣ ምን እንዳወሩ፣ ዛሬም ድረስ አላውቅም። ጠይቄያት ነበር፤ አልነገረችኝም።