ለአንድ ደንበኛ የተከፈተ ምግብ ቤት

ባሌ መቀመጥ ካቃተው ወራት ሆኖት ነበር። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ ቅመምና የሴት ልብስ የምንሸጥበት ጠባብ ሱቅ አለን፤ እሱ ግን ከባንኮኒው ኋላ ረግቶ አይውልም። ተነስቶ በር ላይ ይቆማል፣ ስልኩን ያያል፣ ተመልሶ ይቀመጥና ጉልበቱን ሲነቀንቅ የቅመሙ ጣሳዎች ይንኳኳሉ። ቤት ስንገባም ያው ነው። ራት ቀርቦለት ሁለት ሦስቴ ጎርሶ «ጠገብኩ» ይልና ግቢውን ይዞራል። እኔ ደግሞ ንዴት ቶሎ የሚይዘኝ ሴት ነኝ፤ ሰው ፊቴ ሲቁነጠነጥ እኔንም ያቁነጠንጠኛል። ዝም ብዬ ሰሃን አጥባለሁ፤ የታጠበውን እንደገና አጥባለሁ።

ልቡ መሸፈቱን አውቄያለሁ። ወዴት እንደሸፈተ ግን የነገረችኝ ከሱቃችን ጎን ሽቶ የምትሸጥ ሴት ናት፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ። ባልሽ ጁምዓ ወደ ሰሜን በሚነሳ መኪና ላይ ቦታ ይዟል፣ ከዚያ ሊቢያ ነው አሉ፣ አንቺ እንዴት ፈቀድሽ አለችኝ። አዎ፣ ተነጋግረንበታል ብዬ ዋሸሁ። ከእሷ ጋር ጥቂት ተሳስቄ ሱቃችን ጓዳ ገባሁና በርበሬ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ ከዚህ ከተማ የሚሄድ ሰው ብዙ ነው፤ ከሄዱት ውስጥ ድምፁ የሚሰማ ግን ጥቂት ነው። ባሌ ደግሞ ስንብት የማይችል ሰው ነው። አንድ ቀን ጠዋት ስነሳ አጣዋለሁ ብዬ ፈራሁ።

በቀጥታ ልጠይቀው እያልኩ ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘጋሁ። ብጠይቀው ይክዳል፤ ክዶም ይሄዳል። እኔ የፈለግሁት በገዛ አፉ እንዲነግረኝ፣ ከነገረኝም በኋላ እንዲቀር ነበር።

እኔና እሱ የተገናኘነው ገላባት ነው። ድንበሩ አጠገብ አንድ የጎንደር ሰው የከፈተው ምግብ ቤት ነበር፤ እኔ አስተናጋጅ፣ እሱ ሰሊጥ ከሚጭኑ መኪናዎች ጋር የሚመላለስ ጎረምሳ። ግድግዳው እስከ ወገቡ አረንጓዴ፣ ከዚያ በላይ ነጭ። ጠረጴዛው ላይ ፍራፍሬ የታተመበት ላስቲክ፣ ጥግ ላይ የካሴት ቴፕ፣ በር አጠገብ የጠርሙስ ለስላሳ የሚነከርበት የበረዶ በርሜል። ትእዛዝ በወረቀት አይጻፍም፤ መሃል ቆሜ ወደ ኩሽና እጮሃለሁ፦ አንድ ፉል በሰሊጥ ዘይት፣ ሽንኩርቱ ይብዛ። ይሄ ሰው እዚያ ቤት ቁጭ ይል ነበር። ሻዩ በርዶ፣ ሹፌሩ ጡሩምባ እየነፋበት እንኳ አይነሳም። ከዚያ ቤት ሌላ ተደላድሎ ሲቀመጥ ያየሁበት ቦታ ትዝ አይለኝም።

አንድ ቀን ስልኬ ላይ አንዲት የውጭ አገር ሴት አየሁ። ማዕድ ቤቷን የድሮ ምግብ ቤት አስመስላ፣ ቀይና ነጭ ላስቲክ አንጥፋ፣ ሽርጥ ታጥቃ ባሏን እንደ ደንበኛ ታስተናግዳለች። ሥራ የፈታች ብዬ ሳቅሁባት። ሳቄን ሳልጨርስ ግን ሐሳቡ ያዘኝ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይላሉ፤ ይበሉ። ያንን የገላባቱን ቤት ግቢዬ ውስጥ ልሠራው፣ ባሌን ላስቀምጠው፣ ከተቀመጠ ይናገራል ብዬ ቆረጥኩ።

ሐሙስ ዕለት፣ መኪናው ሊነሳ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ራሴን አሞኛል ብዬ ሱቁን ለእሱ ትቼ ወጣሁ። ሽንኩርቱን መጀመሪያ ከተፍኩ፤ የጠረጴዛው ነገር የታወሰኝ ከዚያ በኋላ ነው። እኛ የምንበላው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጠን ነው፤ ጠረጴዛ የሚባል የለንም። ለሠርግና ለለቅሶ ወንበር የሚያከራዩ አንድ የቋራ ሽማግሌ ሰፈራችን አሉ፤ ዓይኔ በሽንኩርት እንደቀላ እሳቸው ዘንድ ሮጥኩ። አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ለዛሬ ማታ እንዲልኩልኝ ለመንኳቸው። ባሌ ቤት እስኪመጣ ድረስ ምንም እንዳይሰማ፣ ለማንም እንዳይነግሩብኝ አደራ አልኳቸው። ሽማግሌው ለምን እንደሆነ አልጠየቁኝም። «እሺ ልጄ፣ አይዞሽ» ብቻ አሉኝ። ምን ዓይነት ጨዋ ሰው ናቸው እያልኩ ተመለስኩ።

ላስቲኩን ከሰፈር ሱቅ አስቆርጬ አመጣሁ። የቆርቆሮ ሰሃኖች ከሳጥን ስር አወጣሁ። መጫወት ያቆመ ቴፕ ነበረን፤ የካሴቱን ክዳን ከፍቼ ስልኬን ውስጡ ወሸቅሁና ድሮ እዚያ ቤት የምንሰማቸውን የሠርግ ዘፈኖች ከፈትኩ። ካርቶን ላይ የምግብ ቤቱን ስምና የምግቡን ዓይነት ጻፍኩ፦ ፉል፣ ጣዕሚያ፣ እንቁላል፣ ሻይ በወተት። መብራት እንደልማዱ ጠፍቶ ነበር፤ በባትሪ የሚሠራውን ፋኖስ ሰቀልኩ። ከሽምብራ የሚሠራውን ጣዕሚያ እየጠበስኩ ሐሳቤ ገበያ ነው። ዛሬ ቢቀርስ? ከሱቅ ወጥቶ በዚያው ወደ መኪናው ቢሄድስ? ዘይቱ ጋለና የመጀመሪያው ዙር አረረብኝ።

የአህያ ጋሪው ሲመጣ አልሰማሁም። ብቅ ስል ባለጋሪው የለም፤ ከአጥሩ ውጭ ግን ወንበር እስከ ጎረቤት በር ድረስ ተደርድሯል። የእኔ ጠረጴዛ ከሁለት ወንበር ጋር ግቢ ገብቷል። ሽማግሌው ጃጁ እንዴ ብዬ ብቻዬን አጉረመረምኩ። የቀረውን መጥተው ይውሰዱ አልኩና ወደ መጥበሻዬ ተመለስኩ።

ትንሽ ቆይቶ ሐጃ ገቡ። ሐጃ ከጎናችን የሚኖሩ ሱዳናዊት ባልቴት ናቸው፤ ከኋላቸው ሁለት ሴቶች ቶባቸውን ተከናንበው ተከትለዋል። ሰላምታ የለ፣ ወሬ የለ። መሃል ግቢ ቆመው መዳፋቸውን ዘረጉና «አል-ፋቲሃ» አሉ። ፋቲሃ ሲባል እጁን የማያነሳ የለም፤ እኔም ዘይት የነካው እጄን አነሳሁ። ዱዓውን ጨርሰን ፊታችንን እንዳበስን ሐጃ አንገቴን አቅፈው ማልቀስ ጀመሩ።

እዚህ አገር ለቅሶ የሚደረሰው በፋቲሃ ነው። ጎንደር አንዲት እህት አለችኝ። በእኛ አገር መርዶ ሳይታሰብ አይወረወርም፤ መጀመሪያ ሰው ይሰበሰባል፣ ባለሐዘኑ መጨረሻ ላይ ይሰማል። ማን ሞተ ብሎ መጠየቅም ይከብዳል፤ ከአፍ ከወጣ እውነት ይሆናልና ሰው ይፈራል። እነዚህ ሴቶች እኔ የማላውቀውን ያውቃሉ አልኩ። ሽርጤን እንደታጠቅሁ መሬት ላይ ዘጭ ብዬ እህቴን አለቀስኳት። ስልኬ ቴፑ ውስጥ ሆኖ ሙሽራ ያሞግሳል፤ አንዷ ጎረቤት ቴፑን ብትነካካው አልጠፋ ቢላት ትራስ ደፋችበት። የእኔን ለቅሶ የሰማ ሁሉ ደግሞ እየገባ አብሮኝ አለቀሰ።

ባሌን ከገበያ ያመጡት ሁለት የአገራችን ነጋዴዎች ናቸው። የላኳቸው ወንበር አከራዩ ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸውም ከኋላ ተከትለው መጡ። እንደ ደንቡ ምንም አልነገሩትም፤ ሱቁን ዝጋ፣ ቤት ትፈለጋለህ ብለው ግራና ቀኝ ይዘውት መጡ። ግራና ቀኝ የተያዘ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። በር ላይ ቆሞ የሰዉን ፊት አንድ በአንድ አየ። ዓይኑ እኔ ላይ ሲደርስ ከያዙት እጆች ተመንጭቆ ወደ እኔ ሮጠ። ሰው ፊት እጄን እንኳ ነክቶ የማያውቅ ሰው ተንበርክኮ ፊቴን በሁለት እጁ ያዘና ይዳብሰኝ ጀመር። እህቴ ናት አይደል፣ ንገረኝ አልኩት። እሱ ደግሞ ማን እንደሆነ እኔን ይጠይቀኛል። ሁለታችንም ሐጃን አየን፤ ሐጃ ሽማግሌውን አዩ፤ ሽማግሌው እኔን አዩኝ።

«ልጄ» አሉኝ ግራ ገብቷቸው፣ «ባሌ ቤት እስኪመጣ እንዳይሰማ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ራት ነው አልኩ። ማንም አልሞተም፣ ባሌን እንደ ድሮው ምግብ ቤት ላስተናግደው ብዬ ነው አልኩና ላስቲኩን፣ ካርቶኑን፣ ሽርጤን አሳየሁ። ሽማግሌው በዕድሜያቸው ሁለት ወንበር የሚከራይ ሰው አይተው አያውቁም፤ ሐዘኑ አደናግሯት ነው ብለው ጋሪ ሙሉ ልከዋል። ወዲያው አል-ሐምዱሊላህ የሚለው፣ ይቅር በይኝ የሚለው ተደባለቀ። ቀድመው የሳቁት ሐጃ ናቸው፤ እንባቸው ሳይደርቅ ወገባቸውን ይዘው ሳቁ።

እንደ ሰፈሩ ልማድ ለለቅሶ ቤት ምግብ ያሰናዱ ጎረቤቶች ደግሞ ትሪያቸውን ተሸክመው መድረስ ጀመሩ። የመጣ ምግብ አይመለስም። አሲዳው፣ ኪስራው፣ የእኔም ያረረ ጣዕሚያ ሳይቀር ቀረበና ሰዉ በተደረደረው ወንበር ላይ ተቀምጦ በላ። ከሁለቱ ነጋዴዎች አንዱ እንዲህ በመጀመሪያ ቀኑ የሞላ ምግብ ቤት አይቼ አላውቅም እያለ አሾፈብኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ሰዉ ቶሎ እንዲወጣልኝ እየተቁነጠነጥኩ ነበር።

ሰዉ ለዒሻ ሶላት ሲበተን እኔና እሱ ቀረን። ጠረጴዛው ፊት ተቀምጧል። ሻይ በወተት አቀረብኩለት፤ አልነካውም፣ አልተነሳምም። ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩና ጠበቅሁ።

«መንገድ ላይ ማን ሞተ ብዬ አልጠየቅኋቸውም» አለኝ በመጨረሻ። «ወይ አንቺ ነሽ፣ ወይ እናቴ ናት። ሌላ ማን አለኝ? ከሱቅ እስከዚህ ድረስ፣ ያ ረቢ፣ እናቴ ትሁን፣ እናቴ ትሁን እያልኩ መጣሁ።»

እናቱ ከመተማ ወዲያ ገጠር ውስጥ ናቸው። እዚያ ያለው ውጊያ መንገዱን ካስፈራ ወዲህ አላያቸውም፤ ስልካቸውም አንዴ ይሠራል፣ አንዴ አይሠራም። ወራት ሙሉ እኔን መምረጡን ለማወቅ ስቃጠል ኖሬ ነበር፤ እነሆ ነገረኝ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም፣ በጣም ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ በእኔ ፋንታ ለሞት የቀረቡትን አሮጊት አሰብኩ። አሁን ደውልላቸው ብዬ ስልኩን እጁ ላይ አስቀመጥኩ።

ብዙ ከሞከረ በኋላ አነሱለት። እሱ አፉን ሳይከፍት ድምፃቸው ቀድሞ ወጣ፦ «ማን ሞተ?»

ማንም አልሞተም እያለ ሲምል፣ ሲስቅ፣ እንባው ሲወርድ ቆየ። እሳቸው አላመኑትም፤ እኔን አቅርብልኝ አሉና እኔም ማልሁላቸው። ስልኩ እንደተዘጋ ሌላ ቁጥር ደወለ። እኔ ፊት ቁጭ ብሎ፣ በሰሜኑ መኪና ላይ ያለኝን ቦታ ለሌላ ሰው ስጡት አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ሊቢያ ልሄድ ነበር አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። ከሰማሁ ስንት ቀኔ እንደሆነ፣ ምን እንዳበሸቀኝ፣ ያልታጠበ ሰሃን እንዳልተረፈኝ ሁሉንም አወጣሁት፤ ጮክ ብዬም ነበር። ከወንበሩ ሳይነሳ ሰማኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ለእናቱ ሳሙናና በርበሬ ቋጠርኩለትና በገላባት በኩል ሊያያቸው ሄደ። እንዲህ ለምኜባት ዓይኗን ሳላይ መቀመጥ አልችልም አለኝ። እኔ የለመንከውን እንዳትነግራቸው ብዬ ለመንኩት፤ የምሄደው ልነግራት ነው አለ። እሱ እስኪመለስ ድረስ በር ላይ ቆሜ ስልክ የማይ፣ የማልቀመጥ፣ እኔ ሆንኩ። ደንበኛ ላይም ጮህኩ።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ አቧራ እንደለበሰ ሱቁ ገባ። ሰላም ሳልለው ነገርካቸው ወይ አልኩት። ነግሯቸዋል። እናቱም እጁን ሳሙትና እንዲህ አሉት፦

«እንኳን እንዲያ ለመንክ ልጄ። እኔም ቢጠይቁኝ ያንኑ ነበር የምለው። ሚስትህን አደራ።»

አንዲት ሴት የቶብ ጨርቅ ይዛ ዋጋ እየጠየቀችኝ ነበር። ትንሽ ታገሽኝ አልኳትና ባንኮኒው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።