እንከን ያልተገኘበት ዘፈን

ካሰች ልጇን ጉልላትን ያሳደገችው አዋሽ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ሻይ እየሸጠች ነው። ከእሱ በፊት የወለደቻቸው አልቆሙላትም። አባቱ ሐዲድ ጠጋኝ ነበር፤ እሱም ልጁ ድክ ድክ ሳይል ሞተ። ጉልላት ግን ቆመላት፤ አደገና ከገዋኔ ወዲያ ባለ አንድ የጥጥ እርሻ የውሃ ሞተር ጠጋኝ ሆኖ ተቀጠረ። በሠራተኞቹ ክበብ ውስጥ ባለቤት የሌለው ጊታር ነበር። ከሥራ ሲወጣ እጁ ናፍጣ ናፍጣ እንደሸተተ እሱን ታቅፎ ይቀመጣል። እንዲህ እንዲህ እያለ ወጣቶቹ ሮክ የሚሉትን ዘፈን ለመደ፤ ግጥሙንም በአማርኛ ራሱ ይገጥምለት ጀመር።

አዲስ አበባ ላይ በቴሌቪዥን የሚታይ የሮክ ዘፋኞች ውድድር አለ ሲባል ፈቃድ ጠይቆ ሄደ።

ቴሌቪዥን አዋሽ አልደረሰም፤ ካሰችም ያን ዕቃ አይታው አታውቅም። የልጇን አዘፋፈን የምትሰማው ከላይ፣ ከአዲስ አበባ ከሚወርድ ሰው አፍ ነበር፤ ይልቁንም ከሁለት ሰዎች። አንዱ የጭነት መኪና ሾፌሩ ጥጋቡ ነው፤ አዲስ አበባ ሲያድር ቴሌቪዥን ያለበት ቡና ቤት ያመሻል። ሁለተኛው ጎረቤቷ ከድሩ ነው፤ የወሎ ሰው፣ ጨርቅ ሊያመጣ የሚመላለስ ባለሱቅ።

ሁለቱም ምሕረት አያውቁም ነበር።

«እትዬ ካሰች፣ የልጅዎን እግር ምን ነካው? ዘፈኑ እስኪያልቅ ጉንዳን የወረረው ይመስላል እኮ» ይላል ጥጋቡ።

«ወላሂ፣ መጨረሻው ላይ ድምፁ ይሰበራል» ይላል ከድሩ። «ያ ሱሪ ትንሽ ቢሰፋ ኖሮ፣ ወላሂ፣ ትንፋሽ ያገኝ ነበር።»

ካሰች ትቆጣለች። አንድ ቀንማ ለጥጋቡ የቀዘቀዘ ሻይ አቀረበችለት። ሰዎቹ ሲሄዱ ግን የተናገሩትን አንድ በአንድ ታነሳዋለች። አላርፍ ያለው እግሩ የራሱ የጉልላት ነው፤ ሕፃን ሆኖ ጡት ሲጠባም እግሩ አያርፍም ነበር። ድምፁም ሲያለቅስ እንደዚያው ነበር የሚሰበረው። ነቀፌታው ልጇን አምጥቶ ፊቷ ያቆምላታል።

ጉልላት ማጣሪያውን አለፈ። ለመጨረሻው ውድድር አራት ሆነው ቀሩ። ከቀኑ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ወባ ቢጤ ነካክቶኛል፣ አትስጊ ብሎ ላከባት። ቆላ ያደገ ልጅ ነው፤ ኪኒን ዋጥ አድርግ ብላ መለሰችለት እንጂ አልሰጋችም።

የመጨረሻው ውድድር ሐሙስ ማታ ተላለፈ። ዓርብ ከሰዓት ጥጋቡ መጣ። በሩ ላይ እንደቆመ፣ አረፍ እንኳ ሳይል፣ ልጄ እንዴት ሆነ አለችው። ጥጋቡ ዓይኑን ምድጃው ላይ ጣለ።

«ጥሩ ዘፈነ።»

«እግሩስ?»

«ደህና ነበረ።»

ስለ ሌሎቹ ስትጠይቀው ምላሱ ተፈታ። ሀብተ ሥላሴ የተባለው ተማሪ ጊታሩን ያናግረዋል፣ ሲዘፍን ግን ክፍል ውስጥ የሚያስተምር ይመስላል አለ። ሮማነወርቅ የምትባለው ደግሞ ድምፅ ሞልቷታል፣ ዓይኗን ጨፍና ማንን እንደምትለምን ግን አይታወቅም አለ። ሦስተኛው ከመዝፈን መዝለል ይቀለዋል። ካሰች ደስ ብሏት ትኩስ ሻይ ቀዳችለት። ሳይጠጣው ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ከባቡር የወረደው ሁሉ ጥሩ ነበር ይላት ጀመር። አንዱ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ነበር አላት፤ ሌላው ጥቁር ኮት ነው አለ። ቅዳሜ ጠዋት ወተት የሚያመጣላት አፋሩ ሀመዱ መጣ። አፋር ያየውን የሰማውን ቁጭ ብሎ ሳይነግር፣ ከሌላውም ሳይሰማ አይሄድም፤ ዳጉ ይሉታል። በዳጉ ላይ መዋሸት ነውር ነው። ሀመዱ የዚያን ቀን ወተቱን አስቀመጠና ሳይቀመጥ ሄደ።

ያኔ እሷም ሻይ ቤቷን ሳትዘጋ ከድሩ ሱቅ ገባች። እሱም በጠዋቱ ባቡር ከአዲስ አበባ መግባቱ ነበር።

«ድምፁ አልተሰበረም?» አለችው።

«አልተሰበረም እትዬ። እንከን አልነበረበትም።»

«ወላሂ በለኛ።»

ከድሩ ለሸማ ዋጋ፣ ለዝናብ፣ ለባቡር መዘግየት የሚምል ሰው ነበር። የተጣጠፈውን አቡጀዲ ዘርግቶ እንደገና ያጥፈው ጀመር። ካሰች እጁን አየች። ወጥታ ወደ ቤቷ ሄደች።

እሑድ ሊነጋጋ ሲል ከአዲስ አበባ የመጣው ወንድሟ ይገዙና የእድሩ ሰዎች መርዶ ሊነግሯት መጡ። በሩ ክፍት ነበር። ነጠላዋን ዘቅዝቃ መሬት ላይ ተቀምጣ ቆየቻቸው።

ጉልላት ሐሙስ ረፋድ አዲስ አበባ ሆስፒታል ውስጥ ነበር የሞተው፤ ወባው ወደ ጭንቅላቱ ወጥቶ። ማታ በቴሌቪዥን መሞቱ ተነገረና ሦስቱ ብቻ ዘፈኑ። ወንድሟ፣ እኔ እስክመጣ እንዳይነገራት ብሎ ወደ እድሩ ልኮ ነበር። ጥጋቡ ዘመድ ሳይሰበሰብ መርዶ ማውጣት አልሆንልህ ቢለው ሞቶ ያደረውን ልጅ አዘፈነው፤ ከተማው ደግሞ ጥጋቡን ላለማጋለጥ አብሮ አዘፈነው።

ለቅሶው አልፎ ሰው ወደየሥራው ከተመለሰ በኋላ ጥጋቡ አንገቱን ደፍቶ መጣ። ካሰች አልወቀሰችውም። ሻይ ቀድታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«በፊት የምትለኝን በለኝ እስቲ» አለችው። «እግሩን እንዴት ያደርግ ነበር?»

«ነፍሱን ይማረው፣ እትዬ። እንደሱ ያለ ዘፋኝ የት ይገኛል። ምን እንከን ነበረበት ብለው ነው።»

«ጉንዳን የወረረው ይመስላል ብለኸኝ አልነበረም?»

«ኧረ እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ አልወጣም» አለ ጥጋቡ፤ ዓይኑን እንባ ሞላው።

ከድሩንም ጠየቀችው፤ ያው ነው። አሁን ወላሂ ብሎ ማለላት፤ ድምፁ እንደ ማር ነበር አለ። ካሰች ማር የሚመስል ድምፅ ያለው ልጅ አልነበራትም። ብርጭቆውን አነሳችና አጠበችው። ባቡሩ መጥቶ ሰው ሲወርድ ወሬ ሳትጠይቅ ጓሮ ገባች።