በዛንዚባር በኩል ወደ ቁይ

ሉማሜ ላይ አውቶቡስ ቆሞለት ሻይ የጠጣ ሰው ሁሉ የብርጓልን ያውቃታል። ከመነኸሪያው ፊት ለፊት ያለው፣ ሰማያዊ በር የተገጠመለት ሻይ ቤት የእሷ ነው። ሻይዋ ቅርንፉድ ይበዛበታል። «በዛ» ያላት እንደሆነ ብርጭቆውን ከፊቱ አንሥታ «እንግዲያው ደጀን ወርደህ ጠጣ!» ትለዋለች። አንዴ አይሆንም ካለች አይሆንም ነው፤ ሾፌሩም፣ ረዳቱም፣ ቄሱም ይህን ያውቃሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ ከል ለብሳ የኖረችውም በዚሁ በግትርነቷ ነው።

ባሏ አድማሴ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። በወጣትነቱ አሰብ ድረስ ይመላለስ ስለነበር ስለ ባሕር አውርቶ አይጠግብም፤ «አንድ ቀን ወስጄ አሳይሻለሁ» ይላት ነበር። ሳያሳያት በድንገት አረፈ። ያን ቀን ቤቱ ተደበላለቀ። ቁይ ለሚኖሩት ለታላቅ እኅቱ ለእትዬ አገሬ መርዶ ነጋሪ መላክ ነበረበት፤ ወጉ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌ ደርሶ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ደግፎ የሚይዝ ሰው ባለበት ማርዳት ነው። የአድማሴ ባልንጀራ ቢተው፣ ጎረቤቷ ማሬ የሄደች መሰለው። ማሬ ደግሞ ቢተው የሄደ መሰላት። የብርጓል እንኳን ማን እንደሄደ ልትጠይቅ፣ ራሷንም አታውቅ። እትዬ አገሬ ገበያ መሀል ቆመው ስልካቸው ጮኸ፤ አንድ በቅጡ የማያውቁት ሰው «ነፍስ ይማር፣ እግዜር ያጽናዎት» አላቸው። የወንድማቸውን ሞት የሰሙት እንዲህ ነው። ሉማሜ ሲደርሱ መቃብሩ ተደፍኖ ነበር።

በአርባው እትዬ አገሬ በሰው ፊት «ወንድሜን ደብቃችሁኝ ቀበራችሁት» አሉ። የብርጓል በሐዘኗ ላይ ይህን ስትሰማ አንጀቷ አረረ። በአድማሴ ቤተ ሰብ ወግ የሚስትን ከል የሚያወልቀው የሟች ታላቅ ነው፤ መጥቶ «ይብቃሽ» ይልና ጥቁሩን አንሥቶ ነጭ ያለብሳታል። ሙት ዓመቱ ደረሰ፤ እትዬ አገሬ አልመጡም። ሽማግሌ ቢላክባቸው «መርዶዋን በስልክ የሰማች ሴት ከል አውላቂ አትሆንም» ብለው መለሱት። የብርጓልም «እሳቸው ካላወለቁኝ መቃብር ይዤው እገባለሁ!» አለች። ሁለት እልኸኛ ሴት ሲገጥም ምን ይደረጋል? ሽማግሌዎቹም ታክቷቸው ተዉት።

መሀል ቤት የተጎዳችው ልጇ ማርያማዊት ናት። አዲስ አበባ፣ አየር መንገድ ውስጥ ትሠራለች፤ ደብረ ማርቆስ ከሚያስተምረው ከመሳፍንት ጋር ቀለበት ካሰሩ ቆይተዋል። ነገር ግን «እናቴ ከል ለብሳ ቆማ እኔ ቬሎ አልለብስም» እያለች ሠርጉን ሁለቴ አሸጋገረችው። የመሳፍንት ወገኖች ማጉረምረም ጀምረዋል። ዘንድሮም ካለፈ ነገሩ እንደሚፈርስ የብርጓል ታውቃለች። እያወቀች ግን በማግስቱ ያንኑ ጥቁር ነጠላ አጣፍታ ትወጣለች። አይ እልኽ!

በመጨረሻ ልጅቷ ዘዴ ፈጠረች። ለሠራተኛ ወላጅ የሚሰጠውን ቲኬት አውጥታ «እማዬ፣ ዛንዚባር እንሂድ፤ አባዬ ቃል የገባልሽን ባሕር እኔ ላሳይሽ» አለቻት። ባሕሩን ስታይ ልቧ ይፈታል፣ ልቧ ሲፈታ ከሉም ይወልቃል ብላ ነው። የብርጓል ገባት። «ባሕሩን አያለሁ፤ ከሉን ግን አላወልቅም» ብላ ተነሣች።

ደሴቲቱ ላይ ሲደርሱ መሽቶ ነበር። ማረፊያቸው ከአንድ መንደር ዳር፣ ኮኮናት ዛፎች ሥር ነው። ጨለማው ውስጥ ባሕሩ ያጓራል፤ ሙቀቱ ደግሞ ለጉድ ነው። የብርጓል ነገ በብርሃን አየዋለሁ ብላ እንደጓጓች ተኛች። ሲነጋ ልጇን ሳትቀሰቅስ ወጣች። ወጣችና ደርቃ ቀረች። ባሕር የለም! ነጭ አሸዋ ብቻ፣ ዐይን እስከሚደርስ ድረስ። ጀልባዎቹ በጎናቸው ተጋድመዋል።

«ማርያማዊት! ተነሺ! ባሕሩ ሄዷል!»

«እንዴት ይሄዳል፣ እማዬ?»

«እኔ ምን አውቄ! ትናንት እዚህ ሲጮኽ አልሰማሽም? ዕድሌ ነው፤ እኔ ስመጣ ሄደ!»

ልጅቷ በሳቅ ልትሞት። የቤቱ ዘበኛ መጥቶ፣ ባሕሩ በየቀኑ እንደሚሄድና እንደሚመለስ በእጁ አስረዳቸው። መቼ እንደሚመለስ ሲጠይቁት ስድስት ጣት አሳየ። ማርያማዊት ስድስቱን በፈረንጅ ሰዓት ቆጥራ «እስከ ማታ ልንጠብቅ ነው» ብላ ተከዘች። እናቷ ግን «ምን ማታ አለው? ስድስት ሰዓት ቀትር ነው!» አለች። ዘበኛውም ጣቱን ወደ አናቱ ቀስሮ ፀሐይዋ የምትቆምበትን አሳየ። እውነትም ሰዓታቸው እንደኛው ኖሯል። የብርጓል ደስ አላት፤ አገሩን የዚያን ጊዜ ወደደችው።

«ቀትር ድረስ ግን አልቀመጥም» አለች። «እስከ ሄደበት ሄጄ አየዋለሁ።» ጫማዋን አውልቃ፣ ቀሚሷን ከፍ አድርጋ አሸዋውን ተያያዘችው። ማርያማዊት ከኋላ «እማዬ፣ ቀስ!» እያለች ትከተላለች። በየኩሬው ጣት የምታህል ዓሣ ይርመሰመሳል፤ ሸርጣን በጎኑ እየሮጠ ጉድጓዱ ይገባል፤ ጥቁር እሾሃም ፍጥረት ድንጋይ ሥር ተለጥፏል። «አንተ የፈጠርከው ብዛቱ!» እያለች አማተበች።

ራቅ ብሎ ሴቶች አጎንብሰው ይሠራሉ። በችካልና በችካል መካከል ገመድ ወጥረው፣ ባሕር ውስጥ የሚያድግ ቅጠል ያስሩበታል፤ ሲያድግ ለቅመው ይሸጡታል። ሁሉም ካንጋ የሚሉትን ባለ ቀለም ጨርቅ ለብሰዋል። ትልቋ፣ ቢ ዙሁራ የሚሏቸው አሮጊት፣ «ካሪቡ!» ብለው እጃቸውን ዘረጉላት። የብርጓል ገበሬ ቤት ያደገች ናት፤ ወንፈል ላይ ቆሞ ማየት ነውር ነው ተብላ ነው ያደገችው። ቋንቋ ሳትጠይቅ ከአጠገባቸው አጎነበሰችና ማሰር ጀመረች። ማርያማዊት «ልንዝናና እኮ ነው የመጣነው» ብትል ማን ሰምቷት!

በሥራ መሀል ባሕሩ መጣ። ሳይጮኽ፣ በእግሮቿ መካከል ሽር እያለ፣ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ደረሰ፤ ከዚያ ጉልበቷ፣ ከዚያ ወገቧ ላይ። ሴቶቹ ቅርጫታቸውን አንሥተው ወደ ዳር ጀመሩ። የብርጓል ልትከተል ስትል ጥቁር ነጠላዋ ገመዱ ላይ ተጠመጠመ። ትስባለች፤ ውኃው መልሶ ይስባታል፤ ነጠላዋን ግን አትለቅም! ቀድማ የወጣችው ልጇ ዳር ላይ ቆማ ትጮኻለች። ቢ ዙሁራ ተመልሰው መጡና ነጠላዋን ከትከሻዋ አንሥተው፣ ከገመዱ ፈትተው ቅርጫታቸው ውስጥ ወረወሩት። ከዚያ የራሳቸውን መደረቢያ፣ ቢጫና ቀይ ካንጋ፣ በትከሻዋ ጣል አድርገው፣ እጇን ይዘው ወደ ዳር አወጧት።

ማርያማዊት እናቷን በቢጫና በቀይ ስታያት እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ስልኳን አውጥታ «ለመሳፍንት ፎቶውን ልላክለት! ወለቀ እኮ፣ እማዬ!» አለች።

«አስቀምጪው» አለቻት የብርጓል። «ጨርቁ ነው የወለቀ። ከሉ እዚሁ ነው።» ደረቷን መታ መታ አደረገች። ነጠላዋን ጨምቃ ገመድ ላይ ሰቀለችው። ልጅቷ ኩም አለች፤ ክፍሏ ገብታ እስከ አሥር ሰዓት አልወጣችም።

ጀምበር ስትጠልቅ ዳርቻው ላይ እሳት ተለኮሰ፣ ከበሮ ተመታ። የመንደሩ ወጣቶች ወጡ፣ ፈረንጆቹም እንደ ነገሩ ለብሰው መጡ፤ የተጠበሰ ካሳቫ ሽታው ያውዳል። ነጠላዋ ገና ስላልደረቀ የብርጓል ካንጋውን እንደደረበች ነበር። ቢ ዙሁራ ጎትተው ክቡ ውስጥ አስገቧት። ከበሮው ትከሻዋን ነካው። መጀመሪያ አንዱን ትከሻ፣ ከዚያ ሁለቱንም! ወጣቶቹ ጮኹላት፤ ማርያማዊት እንኳ ኩርፊያዋን ረስታ አጨበጨበች። ሦስት ዓመት የታሰረ ትከሻ እንዲያ ይመታል ብሎ ማን ያስባል? በድንገት ግን ቆመች፤ ከክቡ ወጥታ አሸዋው ላይ ተቀመጠች። ባሕሩ እንደገና እየሸሸ ነበር።

ልጇ አጠገቧ ተቀመጠች። የብርጓል እያለቀሰች ነው።

«ይሄን ሁሉ አገር አቋርጬ መጣሁ» አለች። «ባሕሩ ቢሄድብኝ እንኳ እስከ ሄደበት ተከተልሁት። ቁይ ግማሽ ቀን አይሞላም፤ ሦስት ዓመት አልሄድሁም።»

«ሽማግሌ ልከሽ ነበር እኮ፣ እማዬ። እምቢ ያሉት እሳቸው ናቸው።»

«የላክሁት አስታራቂ ነው። የሴትዮዋ መርዶ ግን እስከ ዛሬ አልተነገረም። እኔን ደግፈው የያዙኝ ስንት ናቸው፤ እሳቸው ገበያ መሀል ብቻቸውን ቆመው ሰሙ። እኔ ብሆን ይቅር እላለሁ? አልልም!»

ከዚያ በኋላ የብርጓል ሌላ ሰው ሆነች፤ ልቧ ቆርጧላ። በቀሩት ቀናት በጀልባ ሄዳ ዶልፊን አየች። ከተማው ወደብ ላይ የሸንኮራ ጭማቂ ጠጣች፤ ጎረምሶች ከግንቡ ላይ ባሕር ውስጥ ሲዘሉ አይታ እልል አለች። በመመለሻቸው ቀን ጥቁሩን ነጠላ መልሳ ለበሰች፤ ማርያማዊትም አልተከራከረቻትም። ቢ ዙሁራ ካንጋውን ውሰጂው ብለዋት ቦርሳዋ ውስጥ ነው።

ሉማሜ ስትደርስ ሻይ ቤቷን እንኳ አልከፈተችም። ቢተውንና ማሬን ጠርታ «ተነሡ፤ ሳንሄድ የቀረንበትን መንገድ እንሂድ» አለቻቸው። ማሬ «ከሦስት ዓመት በኋላ? ሰው ምን ይለናል?» ብትል «ያለውን ይበል!» አለች። ልጇንም አስከትለው ቁይ ገቡ፤ ከእትዬ አገሬ ጎረቤት አድረው፣ ጎረቤቱን ሁሉ በጨዋ ደንብ አሰናዱ። ጎህ ሲቀድ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከደጃቸው ቆሙ።

እትዬ አገሬ በሩን ከፍተው ያን ሁሉ ሰው ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ። እሳቸውም እንደ የብርጓል እስከ ዛሬ ጥቁር ለብሰዋል። «ምንድን ነው? ማን ሞተ?» አሉ።

መናገር የነበረበት ቢተው ነው፤ ወደ የብርጓል ዞረ። የብርጓል ቀረብ ብላ ክንዳቸውን ያዘች።

«እትዬ፣ ወንድምዎ አድማሴ አርፏል። መርዶዎን ልንነግርዎ መጣን።»

አሮጊቷ ትክ ብለው አዩአት። ሊያባርሩን ነው ብላ ማሬ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ከዚያ «ወንድሜን! ወየው ወንድሜን!» ብለው ወደ መሬት ተወረወሩ፤ መሬት ሳይደርሱ ሰው ደግፎ ያዛቸው። ትናንት የሞተ ይመስል ተለቀሰ። ንፍሮ ተቀቀለ፣ ሰው እየመጣ «እግዜር ያጽናዎት» አላቸው፤ እትዬ አገሬም ተራ በተራ «አሜን» አሉ።

ፀሐይ ሞቅ ሲል ተነሥተው ጓዳ ገቡ። ጠርዙ የተቋጨ አዲስ ነጭ ነጠላ ይዘው ወጡ። «ለሙት ዓመቱ ያሠራሁት ነው» አሉ። «ብል እንዳይበላው በየጊዜው ፀሐይ አሰጣዋለሁ።» ጥቁሩን ከየብርጓል ትከሻ አንሥተው ነጩን አለበሷት። «ይብቃሽ፣ ልጄ።»

የብርጓል እንባዋን በአዲሱ ነጠላ ጠረገች። «እርስዎንስ ማን ሊያወልቅዎ ነው?» አለችና ጥቁራቸውን አንሥታ፣ ከቦርሳዋ ያወጣችውን ቢጫና ቀይ ካንጋ ደረበችላቸው። እትዬ አገሬ ራሳቸውን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ይሄን ለብሼ ቤተ ክርስቲያን ልሂድልሽ?» አሉ፤ ለቀስተኛው ሁሉ በእንባ መሀል ሳቀ። ከዚያ ጥግ ላይ የቆመችውን ማርያማዊትን ጠሯት።

«አንቺ ልጅ፣ ሠርግሽ መቼ ነው?»

«እርስዎ ባሉኝ ቀን፣ አክስቴ።»

«እንግዲያው ጥሪዬን በስልክ እንዳትነግሩኝ» አሉ።