ካርታው ሞያሌ ላይ ሲቆም

ያደግኩት ወለንጪቲ ነው። የጉድጓዱ ውሃ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት የእኔና የእኩዮቼ ጥርስ ቡናማ ሆኖ ቀረ። ነገሩ ሲከነክነኝ ኖሮ የውሃ ባለሙያ ሆንኩ፤ አዳማ ላብራቶሪ ገባሁ።

የደቡቡን የከርሰ ምድር ውሃ ስናጠና ካርታችን ሞያሌ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ከድንበሩ ወዲያ ባዶ ወረቀት ነው። ውሃው ግን ኬላ አያውቅም፤ ከታች ይቀጥላል። የኬንያ ባለሙያዎችም ካርታ ከወዲያ መጥቶ እዚያው ይቆማል።

በመጨረሻ ኬንያዎቹ አዳማ ድረስ መጡ። ስብሰባው ላይ ሁሉም በእንግሊዝኛ ተጠንቅቆ ሲናገር አረፈደ፤ መረጃውን ቀድሞ የሚያወጣ ግን ጠፋ። ሻይ ሰዓት ላይ ከእነሱ አንዷ፣ ከሞያሌ ማዶ የመጣች ቦረና፣ አጠገቤ ቆመች። ስትስቅ ቡናማ ጥርሷን አየሁ። እሷም የእኔን አየች።

«አንቺም?» አለችኝ በኦሮምኛ።

«እኔም።»

በማግስቱ ወለንጪቲ አጠገብ ካለ አንድ ጉድጓድ ቀድተን በየመሣሪያችን ለካን። ውጤቱ ተራራቀ። የእኛ አለቃ «መሣሪያቸው ነው» አለ። የእነሱም አለቃ ያንኑ ስለ እኛ አለ። ውሃ ሊቀዱ የመጡ አንዲት እናት ጄሪካናቸውን አስቀምጠው፣ «እንግዲህ እንጠጣው ወይስ እንተወው?» ሲሉ ጠየቁ። ሁለቱም አለቆች ወደየመሣሪያቸው ጎንበስ አሉ። አፈርኩ።

ያቺ ቦረና የእኛን ጠርሙስ አነሳችና «ይሄ እኮ ትኩስ ነው፤ ሙቀት ልኬቱን ያዛባል» አለች። እውነትም የእኛው የመኪናው ኮፈን ላይ ፀሐይ ሲመታው ቆይቷል፤ የእነሱ ጥላ ስር ነበር። ሁለቱንም ግራሩ ስር አስቀምጠን እኩል እስኪቀዘቅዙ ጠበቅን። ከዚያ እኔ በእነሱ፣ እሷ በእኛ መሣሪያ ለካን። ቁጥሮቹ ገጠሙ፤ ፍሎራይዱ ከልክ በላይ ነው። አለቆቹ ተያይተው ሳቁ።

«እናቴ፣ ይሄ ለልብስ ይሁንዎት፤ ለልጆቹ መጠጥ ከከተማው ቧንቧ ይቅዱ» አለቻቸው ቦረናዋ በኦሮምኛ።

«የማን አገር ልጅ ነሽ?»

«የኬንያ።»

«ቋንቋችን እዚያ ድረስ ሄዷል?» ብለው ተደነቁና ግንባሯን ሳሟት።

ከሰዓት በኋላ አዳማ ስንመለስ ማንም መረጃውን አልሸሸገም። ካርታዎቹን ገጣጠምናቸው።

ባለፈው በጋ፣ አዲሱ ካርታ ባመለከተን ቦታ፣ ከድንበሩ በእኛ በኩል ጉድጓድ ተቆፈረ። ውሃው ሲወጣ ደወልኩላት።

«ለካሽው?»

«ለካሁት። ጥሩ ነው።»

«እንግዲያው ጠጪልኝ፤ እኛም ከወዲህ ቁፋሮ ጀምረናል» አለች።

በመዳፌ ቀድቼ ጠጣሁላት።